ጥንብ አንሳ ሁዳዴ አያውቅም

የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ የሚያምር ነገር ደርሷቸዋል። አንዱ ቀይ ቀበሮ ይከተላል፣ አንዷ ዋልያ ትቆጥራለች፣ ሌላው ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ ወፍ ሲያሳድድ ይኖራል። እነሱ ያነሱት ፎቶ ሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለእኔ የደረሰኝ ጥንብ አንሳ ነው። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ የፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንደወጣ ዶሮ የተመለጠ፣ ቁርሱንም ምሳውንም ከቄራ ጓሮ የሚለቅም ፍጥረት። የእኔን ፎቶ ሆቴል ቢሰቅለው ተመጋቢው ሳይከፍል ይወጣል።

ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ስትባል «የመንግሥት ሥራ» ብላ ታልፋለች። ዝርዝር ውስጥ አትገባም። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት የወንበር ጎረቤቷ ነገሩን ገፍታ ብትጠይቃት «ስለ አየር ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ባልየው ፓይለት ነው ብላ ሄደች፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ጋምቤላ ስመደብ ወጣት ነበርኩ፤ ራሴም ላይ ፀጉር ነበር። አሁን ከወፎቼ የሚለየኝ መነፅሬ ብቻ ነው። ፀጉሬን የበላው ፀሐዩ ለመሆኑ እምላለሁ። የጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ እንቁላል ይጠብሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ውሸት ነው። የሚያገኛት ዶሮዋን ነው፤ እንቁላሉ ሲወጣ ተቀቅሎ ይወጣል። ባሮ እንኳ በዚያ ወር ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ዳርና ዳሩን አሸዋ ጥሎ እንደ ቀጭን ገመድ ይተኛል።

ከሩቅ ለሚያየው ጥንብ አንሳ እንደ ዝንብ የማያልቅ ይመስላል። እያለቀ ነው። እናቲቱ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ያንኑ አንዱን ለማሳደግ ወራት ትንከራተታለች። ሰው ደግሞ ጅብ አስቸገረኝ ይልና የሞተ ፍየል ላይ መርዝ ይነሰንሳል። ጅቡ ብልጥ ነው፣ አሽትቶ የሚያልፍበት ቀን አለው። ጥንብ አንሳ ግን ዘመድ ወዳድ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ያየ ሁሉ ይወርዳል። በአንድ ቁርስ የአንድ አገር ጥንብ አንሳ ያልቃል። የእኔ ሥራ ባጭሩ ያ ቁርስ እንዳይቀርብ መጠበቅ ነው።

በዚህ ላይ ሁዳዴ አለ። የጋምቤላ ሰው ሁሉ ኦርቶዶክስ አይደለም፤ ፕሮቴስታንቱ ይበዛል፣ ሙስሊሙም አለ። ነገር ግን ከተማው መሃል ካሉት ሥጋ ቤቶች የሚበዙት የእኛ የደገኞቹ ናቸውና ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ላይ መጋረጃ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመቴ ነገሩ ሳይገባኝ የወፍ ቆጠራ በሁዳዴ ወጣሁ። ባዶ ዛፍ፣ ባዶ ጣሪያ! «አለቁ!» ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩ፤ ድምፄ የሞት መርዶ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። በፋሲካ ማግስት ሥጋ ቤቶቹ ሲከፈቱ ሁሉም ተመልሰው ጣሪያው ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከእኛ ጋር ሊፈስኩ የመጡ ይመስሉ ነበር። ሥጋ ያለበት ወረዳ ሰንብተው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገባኝ፦ በሁዳዴ ከተማ ውስጥ የሚቀር ጥንብ አንሳ ካለ የተራበ ነው። የተራበ ደግሞ አይመርጥም።

ይህን የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ላይ በወደቁበት ዓመት ሰፈራችን እብድ ውሻ ገባ።

ሰፈራችን ለባሮ ቅርብ ነው። መሃሉ ላይ ኳስ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ጫፍ ላይ ትልቅ ማንጎ፤ ማንጎው ሥር ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች። እብዱ ውሻ አንድ የቀን ሠራተኛና ትምህርት ቤት ስትሄድ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ነከሰ። ከዚያ ሌሎቹን ውሾች ነካክሶ ሞተ። አሁን የትኛው እንደሚያብድ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ኮሚቴ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። አኙዋክ ናት፣ ቁመቷ ከእኔ በአንድ ሜትር ይበልጣል፤ እሺ፣ በአንድ ስንዝር። መጀመሪያ ስንተዋወቅ «አንቱ» ብላት «እኔ ብቻዬን ነኝ» ብላ ከለከለችኝ። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ አጭር የሆነው ቃል አጥሯት ሳይሆን ማባከን ስለማትወድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ስትወጋ ኖራለችና ንግግሯም እንደዚያው ነው፤ ሳትነግርህ ትወጋህና «አለቀ» ትልሃል።

«መድኃኒት ይመጣል» አለች። «ሥጋ ላይ እናደርጋለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ እንጥላለን። ሰው ልጁን ቤት ይያዝ። አለቀ።»

እጄን አወጣሁ። «ሲስተር፣ ጥንብ አንሳዎቹስ?»

«የቱ ጥንብ አንሳ?»

«የሞተውን ውሻ የሚበሉት ናቸዋ። እነሱም ይሞታሉ።»

ማንጎው ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «እድር እናቋቁምላቸው!» አለ። «ንፍሮውን እሱ ይቀቅላል!» አለ ሌላው። ሲስተር ግን አልሳቀችም።

«አንተ ባዮሎጂ፣ ስማ» አለችኝ። ስሜ ለእሷ ባዮሎጂ ነው። «እኔ ያቺን ልጅ አቅፌ ሐኪም ቤት ነበርኩ። መርፌ ፍለጋ ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ አገኘሁ። ያቺ ልጅ እናት አላት። ያንተ ወፍ እናት አለው?»

«አለው» አልኩ። «እናቱ ደግሞ በዓመት የምትወልደው እሱን ብቻ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችኝ። «አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ሰነፍ ናት» አለች። ጥቂት አሰበችና «ቀኑ አይቀየርም። እኛ የሞተውን ውሻ ቶሎ እንሰበስባለን፣ ጉድጓድ እናስገባለን። የተረፈውን ሥጋም እንለቅማለን። እስከዚያ ወፍህን አንተ ያዝ» አለች።

«እንዴት አድርጌ ነው የምይዘው?»

«ባዮሎጂ አንተ ነህ።»

ትክክል ነበረች፤ ክፋቱም እሱ ነው። ልጅ ከተነከሰች ወዲያ ስለ አሞራ የሚሟገት ሰው ራሱ መከተብ አለበት። ሆኖም ወፎቼ የሚያድሩት ባሮ ዳር ካሉት ዛፎች ላይ ነው፤ ተነስተው ሲዞሩ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ሜዳ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሲስተር ለቅማ ሳትጨርስ አንዱ ከወረደ በቀጣዩ ዓመት የምጠብቀው ወፍ አይኖረኝም።

አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር። ጥንብ አንሳ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አየሩ ሳይሞቅ ሥራ አይገባም፣ ከገባም በለመደው በር ነው የሚገባው። ስለዚህ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በየጠዋቱ ከድልድዩ ማዶ አሸዋው ላይ ቁርስ ባቀርብላቸው፣ በቅዳሜው ሜዳውን ትተው ወደ እኔ ይመጣሉ። ጎበዝ እቅድ ነው። የጎደለው ሥጋ ብቻ ነበር።

ሥጋ የሚገኘው አንድ ሙስሊም ወዳጄ ዘንድ ነው። ወላጆቹ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ የተተከሉ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ ከተማ ገብቶ ሥጋ ቤት ከፈተ። ከብቱ እስከ ዛሬ ከአቦቦ ነው የሚመጣለት። መነፅር ስላለኝ ዶክተር ይለኛል፤ ጋምቤላ ውስጥ መነፅር ያደረገ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ዶክተር፣ ተሳስተህ ነው የገባኸው?» አለኝ ደጃፉ ላይ ሲያየኝ። «ያንተ ጾም አልገባም እንዴ?»

«ገብቷል። ሥጋው ለእኔ አይደለም፣ ለጥንብ አንሳ ነው።»

ቢላውን አስቀመጠ። ነገሩን ከሥሩ ስነግረው እየሳቀ ሰማኝና «አብሽር» አለኝ። «ሳንባውን፣ ልፋጩን፣ አጥንቱን ከነጅማቱ አስቀምጥልሃለሁ። ለውሾቹ ነበር የምጥለው፤ እነሱ እንደሁ ወረፋቸው ደርሷል።»

«ሂሳቡስ?»

«በረመዳን ሰደቃ የሚቀበለኝ አሞራ ካገኘሁ ምን ሂሳብ አለው?»

እንዲህ ሆነና ሁለት ጾመኞች ጠዋት ጠዋት ሥጋ ላይ አጎንብሰን መዋል ጀመርን። እሱ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይቆርጣል፤ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ከረጢት እይዛለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሳንባ እንደዚያ ሰሞን ቆንጆ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

ከረጢቱን ባጃጅ ላይ ጭኜ ድልድዩን እሻገራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ከኋላ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?»

«የቢሮ ሰነድ ነው።»

«የቢሮ ሰነድ ይደማል?»

«እንደ ቢሮው ነው።»

መጀመሪያ የመጣው አባ ኮዳ ነበር፤ ያ እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄደው ረጅም ወፍ። ሥጋዬን መርምሮ ግማሹን ወረሰ። በማግስቱ ሦስት ጥንብ አንሳ ወረደ። ከዚያ ዘመድ ዘመዱን ጠራ። ሳምንቱ ሳይሞላ የባጃጇን ድምፅ ለይተው ከድልድዩ ጀምሮ ያጅቡኝ ነበር፤ ክልል ሊጎበኝ የመጣ ሚኒስትር እንኳ እንዲህ አልታጀበም። ከመካከላቸው ጅራቱ ላይ ላባ የጎደለው አንድ ሌባ ነበር፤ ሁልጊዜ ከሁሉ ዘግይቶ ይመጣና ከሌላው አፍ ነጥቆ ይበላል። ያለ ምክንያት ወደድኩት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢሮም አሉን።

ባሮ ማዶ ነገሩ ሰመረ፤ ወዲህ ማዶ ግን የእኔ ስም መበስበስ ጀምሮ ነበር።

ጎረቤታችን በአጥር ቀዳዳ ከረጢቱን አየች። ሌላዋ ከሥጋ ቤቱ ስወጣ አየች። ሰኞ አንድ ኪሎ የነበረው ሥጋ ረቡዕ ግማሽ በሬ ሆነ፤ ዓርብ ላይ ብቻዬን ሽንጥ ሰቅዬ ጥሬውን እቆርጣለሁ ተባለ። «በሁዳዴ! ያውም ከሙስሊም ቤት!» በአንድ ጉርሻ ሁለት ኃጢአት፣ እንዲህ ቆጣቢ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ባለቤቴ ከማኅበር ስትመለስ ፊቷ የደረቀ በሶ መስሎ ነበር።

«ዛሬ ምን እንደተባልኩ ታውቃለህ? ‹ባልሽ ደህና ነው? ሐኪም ሥጋ አዞለት ነው?› ተባልኩ። ቀጥሎ ሁሉም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው የገደለኝ።»

«ታዲያ ለወፎቹ ነው አትያቸውም?»

«ለአሞራ ቁርስ ያመላልሳል ልበል? አንተ ሰው፣ ሥጋ በላ ቢሉህ ይሻላል። ያኛውን ብናገር ጸበል ይወስዱሃል።»

በማግስቱ የንስሐ አባታችን መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዙ፣ ጠላ እንኳ አልፈለጉም። ደግ ሰው ናቸው፤ ከመቅጣታቸው በፊት ማምለጫ ይፈልጉልሃል።

«ልጄ፣ ጤንነትህ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ፣ ደህና ነኝ።»

«ስኳር የለብህም?»

«የለብኝም።»

«ደም ማነስስ? ደም ማነስ ይኖርብሃል።»

«ኧረ የለብኝም አባ።»

«እንግዲያው ምን ሆነህ ነው የምትበላው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ነው የተፈጠረው። «እኔ አልበላም አባ፣ ልጆቼ ናቸው የሚበሉት» አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። «አይስሙት አባቴ! ለአሞራ ነው የሚወስደው።»

ጭራው መሃል ላይ ቆመ። «ለአሞራ?»

«ለአሞራ።»

«ልጄ…» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠንቋይ አዝዞህ ነው?»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጾም ሻሪነት ወደ ጠንቋይ ደንበኛነት አደግኩ። ሌላ መውጫ ስላልነበረኝ «ነገ ጠዋት አብረውኝ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አልኳቸው።

መጡ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ባጃጅ ውስጥ ከከረጢቱ ጎን ተቀመጡ። አሸዋው ላይ ሥጋውን ስበትነው ወፎቹ እንደ አቧራ ነፋስ ወረዱ። አባ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ተጠጉ፤ ቀጥለው ጥያቄ ማብዛት ጀመሩ። ይሄኛው ለምን ጥቁር ነው፣ ያኛው ለምን ይገፈትራል፣ ባልና ሚስት ይሆናሉ ወይ። «አንድ ባልና አንድ ሚስት ናቸው አባ፣ አይፋቱም» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከምእመናኑ ይሻላሉ» አሉ።

በዚህ መሃል ጅራተ ጎደሎው ሌባ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ደረሰ። ሥጋው አልቋል። ግራ ቀኝ አየ። ዓይኑ አባ እጅ ላይ የሚወዛወዘውን የፈረስ ጭራ ላይ ዐረፈ፤ ጭራ ካለ ፈረሱም ቅርብ ነው ብሎ ገምቶ ይሆናል። ነጠቀና ሮጠ። አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከኋላው! ከተክህኖ ወዲህ ያልተሮጠ ሩጫ ሮጡ። አሸዋው ላይ የቀረውን አሻራ ያየ ሰው ሰጎን አለፈ ይል ነበር። በመጨረሻ እጀታውን አስጣሉት፤ ፀጉሩ ግን ለሌባው ቀረ።

እየሳቁ፣ እያለከለኩ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «አሞራ ጾም የለበትም» አሉ ፍርዳቸውን ሲሰጡ። «ጥንት ቁራ ለነቢይ ሥጋ ያመላልስ ነበር። አንተ ብድሩን እየመለስክ ነው፣ በርታ። ጭራዬን ግን ለፋሲካ ትተካልኛለህ።»

ለሰዉ እነግርልሃለሁ አሉና ነገሩም። ሰዉ ያደረገው ምን መሰላችሁ? «አባንም አስጀመራቸው!» አለ። ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ከረጢቱ መሃላቸው ነው፣ እኔ አይቻለሁ የሚል ምስክር ተገኘ። አባ ከዚያ በኋላ ስለ ጥንብ አንሳ ትንፍሽ አላሉም።

የቅዳሜው ዋዜማ ደረሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ለማለዳው እንዳልዘገይ ብዬ፣ ከረጢቴን ይዤ ሥጋ ቤቱ ስሄድ ወዳጄ በረንዳው ላይ ቆሞ ስልክ ላይ ይጮሃል። ዘወር ሲል ፊቱን አይቼ ገባኝ።

«ዶክተር፣ መኪናው አቦቦ መንገድ ላይ ተሰበረ። ከብት የለኝም። ዛሬም አላረድኩም፣ ነገም አላርድም። ወላሂ አጥንት እንኳ የለኝም፤ ጉንዳን ጨርሶታል።»

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጠዋት አሸዋው ባዶ ከሆነ ወፎቹ አንዴ ይዞሩና ዓይናቸውን ወደ ሜዳው ይመልሳሉ። ሁለት ሳምንት ያለማመድኳቸው ለምን ሆነ? በጊዜው እንዲርባቸውና በሰዓቱ እንዲመጡ ነዋ! ከዚህ ሁሉ ልፋት ምንም ባላደርግ ይሻላቸው ነበር።

ጓሮ ገብቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ በጋችን ታስሯል። የፋሲካ በግ ነው፤ ከአቦቦ ሰፋሪዎች ገዝተን ከጥምቀት ጀምሮ በገለባና በማንጎ ልጣጭ ያወፈርነው። ከመወፈሩ የተነሳ ሲዞር ጅራቱ በማግስቱ ነበር የሚደርሰው።

«ለምን ታየዋለህ?» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

«ማንን?»

«በጉን።»

«አላየሁትም።»

«አንተን ሳላውቅህ ነው?»

ነገርኳት። መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እሷም በጉን ታየው ጀመር። በጉ ሁለታችንንም አየና ማመንዠኩን አቆመ።

«ባይመጡልህስ?»

«ሜዳው ላይ ይወርዳሉ።»

«ሁሉም?»

«አንዱ ከወረደ ሁሉም።»

በዚያ ሰሞን ከእኔ ይልቅ የተሰደበችው እሷ ናት። ጉድጓድ ውኃ ስትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ገበያ ስትወጣ ጀርባዋ ላይ ያ ሥጋ አብሯት ይዞር ነበር። አሁን በሁዳዴ ግቢያችን ውስጥ በግ ብናርድ የቀረውን ጥርጣሬ በገዛ እጃችን አረጋገጥን ማለት ነው። ስለዚህ ልለምናት አልደፈርኩም።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ሥጋ በሉ ተብለን ስማችን ሄዷል። ስሙ ሄዶ በጉ ለምን ይቀራል?»

ዞሬ አየኋት።

«ደግሞ እንዳትስመኝ፣ ጾም ነው» አለች። «ሥጋው ለሰው ነው፣ ለአሞራ አይሰጥም። ለአሞራ ሳንባው፣ ሆድ ዕቃውና አጥንቱ።»

«ቆዳውስ?»

«ቆዳው የእኔ ነው። ካሳዬ ነው።»

ጎሕ ሲቀድ አረድኩት። ቢላው ሳይደርቅ አጥሩ ላይ ራስ በቀለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ራስ። ባለቤቴ መቀነቷን አጥብቃ ወደ አጥሩ ዞረች።

«እንደምን አደራችሁ! አዎ፣ በግ አረድን! ቢላ ያለው ይግባ!»

ራሶቹ ሁሉ ባንዴ ወረዱ። እሷ ጉበቱንና ጭኑን በትሪ ይዛ በቀጥታ የተነከሰችው ልጅ ቤት ሄደች፤ እነሱ የእኛን ጾም አይጾሙም፣ ልጅቷም መርፌው አድክሟታል። የቀረውን ለሲስተር ቤት አደረሰች። እኔ ከረጢቴን ይዤ ወደ ባሮ።

አሸዋው ላይ ሁሉን በትኜ ቆምኩ። ማንም የለም። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ለጋምቤላ ቀዝቃዛ ማለት ላብህ የሚፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ቆይቶ ከዛፎቹ ላይ አንዱ ተነሳ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሁሉም። ወደ እኔ አልመጡም። ወንዙን ተሻግረው በቀጥታ ከሰፈራችን በላይ መዞር ጀመሩ።

መነፅሬን አውልቄ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ፤ ያው ነው። እየዞሩ ዝቅ አሉ። የመንደሩን ጣሪያ የሚነኩ እስኪመስለኝ ዝቅ አሉ። እጄን አወዛወዝኩ፣ አፏጨሁ፣ ሳንባውን ከፍ አድርጌ እንደ ባንዲራ አውለበለብኩ። ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ያኔ የባጃጁ ሾፌር፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ «ጋሼ፣ የባጃጄን ድምፅ ነው የሚያውቁት እኮ!» አለና ሞተሩን አስነስቶ አሸዋው ዳር ላይ ጓ! ጓ! ጓ! አደረገው።

ከላይ ያሉት ክንፍ አዘነበሉ። አንዱ ተገነጠለ፤ ዘመድ ዘመዱን ተከተለ፤ ሰማዩ ወደ እኔ ተገለበጠ። ሲወርዱ የክንፋቸው ንፋስ ባርኔጣዬን ወሰደው፤ ልቤን የት እንደወሰደው አላውቅም። ቆጠርኩ። አንድ ጎደለ። ጅራተ ጎደሎው የለም።

ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት። «ባዮሎጂ፣ ውሾቹ ጉድጓድ ገቡ። ሥጋው ተለቀመ። አለቀ። ያንተስ?»

«አንዱ ቀረ።»

«የቱ?»

«ሌባው።»

«እዚህ ሜዳ ላይ ወፍ አላየሁም። እዞራለሁ፣ አያለሁ» ብላ ዘጋች።

አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅኩ። አጥንቱ ሊያልቅ ነው። ልጁ የሞተበት ሰው እንኳ እንደ እኔ ሰማይ አላየም ብል ባለቤቴ ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ አልልም። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ባዮሎጂ» አለች ሲስተር። «እኔ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ መላጣ አለ። ጅራቱ ጎደሎ። ሚስትህ ያመጣችውን ሥጋ ያያል። ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው!»

«ባለጌ ነው» አለች። «አንድ አጥንት ሰጠሁት።»

ፋሲካ ሲደርስ በግ አልነበረንም። አንዲት ዶሮ ነበረችን፣ እሷንም አባ ባረኩልን፤ አዲሱን ጭራቸውን ከእጄ ተቀብለው ወዲያው ቀሚሳቸው ውስጥ ደበቁት። ሲስተር ልታመሰግነን መጣች፤ ከባሮ የወጣ ክንዴን የሚያህል ዓሣ በሳፋ አሸክማ። ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ያማራት ባለቤቴ ዓሣውን አየችና «ጾሙ አላለቀም እንዴ?» አለች በቀስታ። ቢሆንም ጠብሳ ቀድማ የጨረሰችው እሷ ናት። የተነከሰችው ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ዶሮዋንም ዓሣውንም እኩል ስትታገል ዋለች፤ የተነከሰው ክንዷ ድኗል።

ጎረቤቶችም «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ ገቡ፤ ከአጥር በላይ የማውቃቸውን ራሶች በዚያ ቀን ከነአካላቸው አየኋቸው። አንዷ፣ ከደጋ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ ይዛ የገባችው፣ ቀና ብላ ክው አለች። ጣሪያችን ላይ ጥንብ አንሳዎቹ ተሰልፈዋል፤ ጫፉ ላይ ጅራተ ጎደሎው። በግ የታረደበትን ቤት ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ እኔ የምጠረጥረው ሌባውን ነው።

እንግዳው ወደ ባለቤቴ ዞሮ «እትዬ፣ ባልዎ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አላት።

የመንግሥት ሥራ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

እሷ የዓሣውን ራስ ከሳህኑ አንስታ ሰጠችኝ፤ በአገጯም ወደ ጣሪያው አሳየችው።

«የእነዚያ አሳላፊ ነው» አለች። «በል ተነስ፣ እየጠበቁህ ነው።»